ትሪያዞልን በአንድ ፍላስክ፦ በመዳብ የሚሠራውን የክሊክ ሪአክሽን ደረጃ በደረጃ

ቀለበታቸው ውስጥ ከካርቦን ሌላ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን ወይም ድኝ የያዙ ኦርጋኒክ ውህዶች ሄትሮሳይክል ይባላሉ። ሜትሮኒዳዞል፣ ኦሜፕራዞል፣ ፍሉኮናዞል፣ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ ወደ ማንኛውም ፋርማሲ ገብታችሁ መደርደሪያውን ብታዩ ሄትሮሳይክል ያለባቸው መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። እነዚህን ቀለበቶች የመሥሪያው መንገድ በቅርብ አሥርት ዓመታት ብዙ ተለውጧል። በፓላዲየም የካርቦንና የሃይድሮጅንን ቦንድ በቀጥታ መክፈት፣ በሰማያዊ ኤልኢዲ ብርሃን ሪአክሽን ማስነሳት፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እያስኬዱ ማምረት፣ ሁሉም ዛሬ የተለመዱ ናቸው። ችግሩ አብዛኞቹ አርጎን ጋዝ፣ የደረቀ ሶልቨንትና ዋጋው የማይቀመስ ካታሊስት ይጠይቃሉ።

ስለዚህ አንድ የማስተርስ ተማሪ «ዘመናዊ ዘዴ ልሞክር፤ ከየት ልጀምር?» ቢለኝ መልሴ አንድ ነው፤ በመዳብ ከሚሠራው የአዛይድና የአልካይን ሪአክሽን ጀምር፤ ክሊክ ሪአክሽን የሚባለው ይኸው ነው። ውሃ ውስጥ ይሠራል፣ አየር ብዙም አያውከውም፣ ሲያልቅ ምርቱ ነጭ ዱቄት ሆኖ ራሱ ይዘቅጣል፤ ለማጥራት ኮለም ክሮማቶግራፊ ላይ (በሲሊካ ጄል በተሞላ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ መለየት) ሲሊካ ጄል ማፍሰስ አያስፈልግም። የሚያስፈራው ነገር አዛይዱ ነው። እዚህ የማቀርበው አካሄድም የተመረጠው ለዚሁ ነው፦ ኦርጋኒኩን አዛይድ ለብቻው አውጥተን አንይዘውም፤ እዚያው ፍላስክ ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው ያልቃል።

ሪአክሽኑ ምን ያደርጋል?

አዛይድ ሦስት ናይትሮጅኖች በመስመር የተያያዙበት ነው። አልካይን ደግሞ በሁለት ካርቦኖች መካከል ሦስትዮሽ ቦንድ ያለው። ሁለቱ ሲገናኙ ባለአምስት ማዕዘን ቀለበት፣ 1፣2፣3-ትሪያዞል፣ ይፈጥራሉ። ጀርመናዊው ሮልፍ ሁይስገን ይህን ዓይነቱን ሪአክሽን በ1960ዎቹ በሰፊው ያጠናው በሙቀት ነበር። በሙቀት ሲሠራ ሁለት ምርቶች ተቀላቅለው ይወጣሉ፦ በአልካይኑ ላይ የነበረው ክፍል አንዳንዴ 4ኛው፣ አንዳንዴ 5ኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱን መለያየት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በ2002 በዴንማርክ የሞርተን ሜልዳል ቡድን፣ በአሜሪካ ደግሞ የባሪ ሻርፕለስ ቡድን፣ በየፊናቸው አንድ ነገር አገኙ። ትንሽ መዳብ፣ ያውም አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው መዳብ፣ ሲጨመር ሪአክሽኑ በክፍል ሙቀት ይሄዳል፤ የሚወጣውም 1፣4 የተባለው (4ኛው ቦታ ላይ የተቀመጠው) ምርት ብቻ ነው። ሁለቱ ከካሮሊን በርቶዚ ጋር የ2022ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፈሉ። ለሻርፕለስ ሁለተኛው ነበር፤ የመጀመሪያውን በ2001 ወስዷል።

መዳቡ የሚሠራው እንዲህ ነው። በአልካይኑ ጫፍ ላይ ያለውን ሃይድሮጅን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል፤ ሁለተኛ የመዳብ አተም ደግሞ አዛይዱን ይዞ በትክክለኛው አቅጣጫ ያቀርበዋል። ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ አልካይኑ ጫፉ ላይ ሃይድሮጅን ያለው መሆን አለበት፤ መሀል ላይ ሦስትዮሽ ቦንድ ያለው አልካይን ለዚህ ዘዴ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የሚሠራው አንድ ቻርጅ ያለው መዳብ ነው፤ ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ባለሁለት ነው። ወደ አንድ የሚያወርድልን ሶዲየም አስኮርቤት፣ ማለትም የቫይታሚን ሲ ጨው፣ ነው። ሪአክሽኑ እምቢ ሲል መጀመሪያ መጠርጠር ያለበትም ይኸው አስኮርቤት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አዛይድን በሚመለከት

ይህን ክፍል ዘላችሁ ወደ ግራሙ አትሂዱ። ሥራውም የሚሠራው ጭስ መሳቢያ ባለው ላቦራቶሪ፣ ልምድ ያለው ሰው ባለበት ነው።

ሶዲየም አዛይድ መርዝነቱ ከሳያናይድ ጋር የሚነጻጸር ነጭ ጨው ነው። በአሲድ ከተነካ ሃይድራዞይክ አሲድ ይወጣዋል። ይህ ደግሞ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላ፣ መርዛማም ፈንጂም የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሲድ የሚባል ነገር ወደ ፍላስኩ አይቀርብም። ሲመዘን የብረት ማንኪያ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲክ ወይም ሴራሚክ ይሁን። ከዳይክሎሮሜቴንና ከክሎሮፎርም ጋርም አታገናኙት፤ አዛይዱ ክሎሪኑን ተክቶ እጅግ አደገኛ ፈንጂ ይፈጥራል። ብዙ ተማሪ በልማድ «ላውጣው» ብሎ እጁን የሚሰነዝረው ወደ ዳይክሎሮሜቴን ጠርሙስ ስለሆነ፣ ያን ቀን ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ማንሳት ጥሩ ዘዴ ነው። ወደ ሲንክም አይደፋም፤ በቧንቧው ውስጥ ካለ መዳብ ወይም እርሳስ ጋር እየተጠራቀመ ሲደርቅ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ ጨው ይሆናል።

ለኦርጋኒክ አዛይዶች ኬሚስቶች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ የካርቦንና የኦክስጅን አተሞችን ደምሩ፣ በናይትሮጅን ቁጥር አካፍሉ። ውጤቱ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውህዱን በጥንቃቄ ለብቻው መያዝ ይቻላል። ከ1 እስከ 3 ከሆነ በትንሽ መጠን፣ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ተበርዞ ብቻ። ከ1 በታች ከሆነ ለብቻው አውጥቶ መያዝ አይታሰብም። የእኛው ቤንዚል አዛይድ 7 ካርቦንና 3 ናይትሮጅን አለው፤ 7 ሲካፈል ለ3፣ 2.3 ገደማ ይሆናል። መካከለኛው ላይ ነው፤ ለብቻው ያላወጣነውም ለዚህ ነው።

ሌላው ቤንዚል ብሮማይድ ነው። ዓይን የሚያስለቅስ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱ ከጭስ መሳቢያው ውጭ አይከፈት። የነካውን ጓንት ወዲያው ቀይሩ፤ በዚያው ጓንት መነጽራችሁን ብታስተካክሉ ቀኑን ሙሉ ስታለቅሱ ትውላላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የምንሠራው 1-ቤንዚል-4-ፌኒል-1፣2፣3-ትሪያዞልን ነው፤ በ5 ሚሊሞል ልክ። ከዚህ በላይ ማሳደግ ለጀማሪ አልመክርም።

- ቤንዚል ብሮማይድ፦ 0.86 ግራም፣ በመጠን 0.6 ሚሊሊትር ገደማ (5 ሚሊሞል)
- ሶዲየም አዛይድ፦ 0.34 ግራም (5.25 ሚሊሞል)
- ፌኒልአሴቲሊን፦ 0.51 ግራም፣ በመጠን 0.55 ሚሊሊትር (5 ሚሊሞል)
- ኮፐር ሰልፌት፣ አምስት ውሃ ያለው ሰማያዊው፦ 62 ሚሊግራም (0.25 ሚሊሞል፣ ማለትም 5%)
- ሶዲየም አስኮርቤት፦ 0.20 ግራም (1 ሚሊሞል)
- ተርት-ቡታኖል 10 ሚሊሊትርና የተጣራ ውሃ 10 ሚሊሊትር
- ለማጠቢያ፦ የተበረዘ አሞኒያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥቂት ሄክሴን

አዛይዱ ከሌሎቹ የሚበልጠው በ0.25 ሚሊሞል ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። አንዳንድ የታተመ አሠራር እጥፍ ወይም አንድ ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። ያ ሪአክሽኑን ትንሽ ያፈጥን ይሆናል፤ ግን በመጨረሻ ማስወገድ ያለባችሁን መርዝም ያበዛል። በእኛ ልክ ሁሉም ነገር ቢሄድ የሚተርፈው 16 ሚሊግራም ገደማ ነው።

ስለ ተርት-ቡታኖል አንድ ነገር። የሚቀልጠው በ25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ጠርሙሱን ስታነሱት በረዶ መስሎ ደርቆ ነው የምታገኙት። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ክዳኑን አላልታችሁ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ይቀልጣል። ከውሃ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ መልሶ አይደርቅም። ጭራሽ ከሌላችሁ ኢታኖል ይተካዋል፤ ጥቂት ቢዘገይ ነው።

አሠራሩ

1. አዛይዱን መፍጠር። 50 ሚሊሊትር የሚይዝ ክብ ፍላስክ ውስጥ ማግኔት አስገብታችሁ ሶዲየም አዛይዱን በውሃው አሟሙት፤ ከዚያ ተርት-ቡታኖሉን ጨምሩ። እያማሰለ ቤንዚል ብሮማይዱን በጠብታ ጨምሩ። ኮንደንሰር ግጠሙና በ50 ዲግሪ የውሃ መታጠቢያ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ። የዓይን ማስለቀስ ጠባዩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ግን አልቋል ብላችሁ አፍንጫችሁን እንዳታስጠጉ። ማረጋገጫው ቲኤልሲ (በቀጭን የሲሊካ ሰሌዳ ላይ ውህዶችን በነጥብ የሚለይ ሙከራ) ነው። የቤንዚል ብሮማይድና የቤንዚል አዛይድ ነጥቦች በሄክሴን ሁለቱም ወደ ላይ ስለሚሄዱ፣ ንጹሕ ቤንዚል ብሮማይድ ጎን ለጎን አስቀምጡና አነጻጽሩ። ጥርጣሬ ካለ አንድ ሰዓት ጨምሩለት፤ ከመጠን በላይ ቢቆይ የሚጎዳ ነገር የለም።

2. ማቀዝቀዝና አልካይኑን መጨመር። ፍላስኩ ወደ ክፍል ሙቀት ይውረድ። ይህን አትዝለሉ፤ ቀጣዩ ሪአክሽን ራሱ ሙቀት የሚያወጣ ስለሆነ በሞቀ ፍላስክ ላይ መዳብ መጨመር አያስፈልግም። ፌኒልአሴቲሊኑን ጨምሩ። ድብልቁ ደፍርሶ ሁለት ንብርብር የሚመስል ከሆነ አትደንግጡ፣ በጠንካራ ማማሰል ይሠራል።

3. መዳቡን መቀስቀስ። ኮፐር ሰልፌቱን በ1 ሚሊሊትር ውሃ፣ አስኮርቤቱን ለብቻው በሌላ 1 ሚሊሊትር ውሃ አሟሙ። አስኮርቤቱን በዚያው ሰዓት ነው ማሟሟት፤ ትናንት የተሟሟ አስኮርቤት ሞቷል። መጀመሪያ መዳቡን ጨምሩ፤ ቀጥሎ አስኮርቤቱን በጠብታ። እዚህ ጋ ዓይናችሁን ከፍላስኩ ላይ አትንቀሉ። ሰማያዊው ቀለም ይደበዝዛል፣ ድብልቁ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ በጥቂት ደቂቃዎችም ብጫማ ደመና ሊታይ ይችላል። ቢጫው መዳብ አልካይኑን መያዙን የሚያሳይ ነው። ሰማያዊነቱ ወይም አረንጓዴነቱ ከቀጠለ ግን አስኮርቤቱ አርጅቷል፤ ከሌላ ጠርሙስ 0.1 ግራም ያህል አዲስ አሟሙታችሁ ጨምሩ።

4. መተው። ፍላስኩን በልቅ ክዳን ዘግታችሁ በክፍል ሙቀት ሌሊቱን ይማስል። ብዙ ጊዜ ግን በሰዓታት ውስጥ ድብልቁ እየወፈረ፣ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቢጫ ዱቄት ግድግዳው ላይ መታየት ይጀምራል። ማግኔቱ መሽከርከር ካቆመ ጥቂት ውሃ ጨምሩ። ቲኤልሲ በሄክሴንና በኢታይል አሲቴት፣ 7 ለ 3፣ አስሮጡ፤ በ254 ናኖሜትር መብራት ሥር ፌኒልአሴቲሊኑና አዛይዱ ከፊት ይሮጣሉ፣ ትሪያዞሉ በደንብ ወደ ኋላ ይቀራል። የላይኞቹ ነጥቦች ሲጠፉ አበቃ።

5. መዳቡን ማጠብ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። ድብልቁን 50 ሚሊሊትር የበረዶ ውሃ ላይ አፍስሱ፣ 10 ሚሊሊትር 10% አሞኒያ ጨምሩና አሥር ደቂቃ አማስሉ። ፈሳሹ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ አሞኒያ መዳቡን ይዞ እየወጣ ነው። በቡክነር ፈነል አጣሩ። ዱቄቱን በትንሽ አሞኒያ፣ ከዚያ የሚወርደው ፈሳሽ ቀለም አልባ እስኪሆን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። በመጨረሻ በ5 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ሄክሴን አንዴ እጠቡ፤ ያልተጠቀመውን አልካይንና አዛይድ ይጠርግላችኋል። ዱቄቱ አሁንም አረንጓዴ ካለው አሞኒያውን ድገሙት። መዳብ ያለበት ናሙና በኋላ ባክቴሪያ ላይ ሲሞከር ውጤቱን ያሳስታል፤ ባክቴሪያውን የገደለው ትሪያዞሉ ይሁን መዳቡ አታውቁም። «ፀረ-ባክቴሪያ ነው» ተብሎ ከሚቀርበው አዲስ ውህድ ስንቱ እንዲህ እንደሆነ ማን ያውቃል።

6. ማድረቅና መመዘን። በደንብ ከታጠበ በኋላ አየር ላይ ወይም ዴሲኬተር ውስጥ ይድረቅ። ሙሉው ምርት ቢወጣ 1.18 ግራም ነው። 1.0 ግራም ካገኛችሁ 85% ነው፤ ለዚህ ሪአክሽን የተለመደ ውጤት ነው። ከ1.18 በላይ ከመዘነ ደስ አይበላችሁ፣ አልደረቀም ማለት ነው።

ማጥራት ካስፈለገ በኢታኖልና በውሃ ዳግም ክሪስታል ማድረግ በቂ ነው። እዚህ ላይ ከፍታውን አስቡ። ኢታኖል በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ ቢፈላም፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በ72 አካባቢ ይፈላል። መጽሐፉ ካለው መጠን ትንሽ የበዛ ኢታኖል ቢጠይቃችሁ ከዚህ ነው። በኢታኖል ሪፍለክስ (በኮንደንሰር ሥር እያፈሉ) የሚሠራ ማንኛውንም የውጭ አሠራር ስትደግሙም ሰዓቱ ቢረዝም አይግረማችሁ።

የተሠራው በርግጥ ያሰብነው ነው?

የመቅለጫ ነጥቡ በ128 እና በ131 ዲግሪ መካከል ይጠበቃል። የሚቀልጥበት ክልል ከሁለት ዲግሪ በላይ ከሰፋ ቆሻሻ አለበት።

ኢንፍራሬድ ካላችሁ ሁለት ቦታ ብቻ እዩ። በ2100 cm⁻¹ አካባቢ ያለው ጠንካራ የአዛይድ መስመር መጥፋት አለበት፤ በ3300 አካባቢ ያለው የአልካይን ጫፍ ሹል መስመርም እንዲሁ። ሁለቱም ከሌሉ መነሻ ነገሮቹ አልቀዋል።

ፕሮቶን ኤንኤምአር (እያንዳንዱ ሃይድሮጅን የት እንዳለ በመስመር የሚያሳይ ምርመራ) ማስነሳት የሚቻል ከሆነ በዲዩተሬትድ ክሎሮፎርም ውስጥ በ5.57 ፒፒኤም አካባቢ ሁለት ሃይድሮጅን የሚመዝን ነጠላ መስመር ታያላችሁ፤ የቤንዚሉ ካርቦን ላይ ያሉት ናቸው። በ7.66 አካባቢ ያለው አንድ ሃይድሮጅን የትሪያዞሉ ቀለበት ላይ ያለው ነው፤ በ7.80 ደግሞ ከፌኒሉ ሁለቱ ይታያሉ። ሌሎቹ ከ7.3 እስከ 7.4 ተጨናንቀው ይቀመጣሉ። በማስ ስፔክትሮሜትሪ ፕሮቶን ይዞ 236 ላይ ይወጣል።

አንድ ያልተፈለገ እንግዳ ሊመጣ ይችላል፦ ሁለት ፌኒልአሴቲሊን እርስ በርስ ተጣብቀው የሚፈጥሩት ዳይፌኒልቡታዳይን። ይህ የሚሆነው አየር በብዛት ሲገባና አስኮርቤት ሲያንስ ነው። በቲኤልሲ ላይ ከትሪያዞሉ በጣም ቀድሞ ይሮጣል፤ የሄክሴኑ ማጠቢያ ያወጣዋል። ደጋግሞ ካስቸገረ ከመዳቡ በፊት ናይትሮጅን ጋዝ አሥር ደቂቃ በድብልቁ ውስጥ አሳልፉ።

ቆሻሻውን ማስወገድ

ከማጣሪያው የወረደው ሰማያዊ ፈሳሽ መዳብም ጥቂት አዛይድም አለበት። አሲድ ካለበት የቆሻሻ ዕቃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ «አዛይድ ያለበት፣ ቤዚክ» ተብሎ ተጽፎበት ለብቻው በፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጥ፤ እስኪደርቅም አይተው። አዛይዱን ማጥፋት የሚቻለው በሶዲየም ናይትራይት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የሞት የሽረት ነው። በጭስ መሳቢያ ሥር፣ በበረዶ ላይ፣ መጀመሪያ የተትረፈረፈ ናይትራይት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ በጠብታ። ቢገለበጥ ያ የሸሸነው ሃይድራዞይክ አሲድ ይወጣል። አሞኒያው አሲዱን ስለሚጠጣና ናይትራይቱ የሚያወጣው ጋዝም መርዝ ስለሆነ፣ ይህን የላቦራቶሪው ኃላፊ ራሱ ቢሠራው ይሻላል።

ወደ ራሳችሁ ውህድ ስትዞሩ

ሞዴሉ አንዴ ከሠራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ቤንዚሉን ወይም ፌኒሉን መቀየር ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ሩፊናማይድ ብታዩት ይኸው የእኛው አጽም ነው፦ ቤንዚሉ ላይ ሁለት ፍሎሪን፣ በፌኒሉ ፈንታ ደግሞ አማይድ።

ሁሉም ግን እኩል አይታዘዝም። ነጻ ታዮል (ድኝና ሃይድሮጅን የተያያዙበት ክፍል) ያለው ሞለኪውል መዳቡን አንቆ ይይዘዋል፤ ያኔ የካታሊስቱን መጠን ከመጨመር ይልቅ መዳቡን የሚጠብቅ ሊጋንድ (ከመዳቡ ጋር የሚያያዝ ሞለኪውል) መጠቀም ይበጃል። አሪል ብሮማይድ፣ ማለትም ብሮሚኑ ቀጥታ ቤንዚን ቀለበት ላይ ያለው፣ በደረጃ 1 ሁኔታ ከአዛይድ ጋር አይለዋወጥም፤ በቤንዚል ብሮማይድ የሠራ ሰው ተመሳሳይ መስሎት በብሮሞቤንዚን ቢሞክር ሳምንት ቢጠብቅም ምንም አያገኝም። 1፣5 የሆነውን ምርት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ መዳብ አይሰጣችሁም፤ ያ የሩቴኒየም ሥራ ነው፣ ደረቅ ሶልቨንትና ጥሩ በጀትም ይጠይቃል።

በፌኒልአሴቲሊን ምትክ ፕሮፓርጂል አልኮል ብትጠቀሙ ሪአክሽኑ ደህና ይሄዳል፤ ምርቱ ግን ውሃ የሚወድ ስለሆነ እንደ በፊቱ ሙሉ በሙሉ ላይዘቅጥ ይችላል። ማጣሪያው ላይ ትንሽ ዱቄት አይታችሁ «አልሠራም» ከማለታችሁ በፊት የወረደውን ፈሳሽ በቲኤልሲ እዩት። እዚያ ካለ በጨው አጥግባችሁ ሦስት ጊዜ በኢታይል አሲቴት አውጡት። በኢታይል አሲቴት አልኩ፤ በዳይክሎሮሜቴን አይደለም።